ሞተሪኖው ከተቀየረ በኋላ

ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ያለው ጋራዣችን ከሚገቡት የዕቃ ማመላለሻ ቫኖች ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሆነው ነበር። ሞተሪኖ የላቸውም። ሞተሪኖ የምንለው፣ ቁልፍ ሲዞር ዋናውን ሞተር አሽከርክሮ የሚያስነሳውን ትንሹን ሞተር ነው፤ እዚህ ስታርተር ይሉታል። ዕድሜዬን ከሱ ጋር ስታገል ኖሬ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ላፕቶፕ ሰክቼ ሶፍትዌር ቼክ ሳደርግ ነበር የምውለው። እጄ ሳይቆሽሽ ወደ ቤት እየገባሁ መሄጃዬ መድረሱ ገባኝ።

በመሰናበቻዬ ቀን ኬክ ተቆረጠልኝ። ከባልደረቦቼ አንዱ፣ «ብርነሽ፣ እስከ ዛሬ በጣም ያስቸገረሽ መኪና የትኛው ነው?» አለኝ። የሚያስቅ ነገር ነበር የጠበቀው። ሞተሩ ውስጥ ቀበሮ ስለገባበት ቫን ነገርኩትና ሳቅን። የእውነቱ መልስ ግን በኬክ መሃል የሚወራ ስላልነበረ ዋጥኩት። እነሆ ቤቴ ተቀምጬ እጽፈዋለሁ።

መካኒክነት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ለንደን ስመጣ ዲፕሎማዬን ያየልኝ አልነበረም፤ ኮሌጅ ገብቼ ኮርሱን እንደ አዲስ ወሰድኩ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሆሎዌይ አካባቢ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ኮፈን አያስከፍተኝም። ጎማ አውልቂ፣ ጎማ ግጠሚ፣ ሻይ አፍዪ። ደንበኛ ሲመጣ እኔን አልፎ አንገቱን እያሰገገ፣ «መካኒኩ የታለ?» ይላል። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት፣ ስቶክዌል በባቡር ድልድይ ስር የሚሠሩ ጋሽ ሐጎስ የሚባሉ ያገር ሰው እንዳሉ ነገረችኝ። በማግስቱ ሄድኩ።

ጋሽ ሐጎስ የአስመራ ልጅ ናቸው። ሥራውን የለመዱት ልጅ ሆነው ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ሠርተዋል። አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ሲቪዬን ዘርግቼ ስሰጣቸው አጥፈው መለሱልኝና አንዲት ቀይ መኪና አሳዩኝ።

«ይቺ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች። እጅሽን ኪስሽ ክተቺና ዙሪያት። ያየሽውን ንገሪኝ።»

ዞርኳት። ጎማው በውስጥ በኩል መበላቱን፣ የወለሉን ዘይት፣ ከኋላ የታሰረውን የሕፃን ወንበር ነገርኳቸው።

«ወንበሩን ማየትሽ ደግ ነው» አሉ። «ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመለስ መኪና ናት፤ መንገዷ አጭር ነው። ባትሪዋ ሳይሞላ ትቆማለች። ሌላው ቢሆን የሞተሪኖ ዋጋ ያስከፍላቸው ነበር። ሰኞ ግቢ።»

እሳቸው ዘንድ ዕቃ መቀየር የመጨረሻው መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃሉ፤ መቼ ጀመረ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ማን ነካው። ቀጥሎ ይለካሉ። ሞተር ከመዞሩ በፊት ደግሞ ሰው አያምኑም፤ ራሳቸው ሄደው የማርሹን ዘንግ ግራና ቀኝ ይነቀንቁታል፣ ከመኪናው ፊት የቆመ እንዳለ ያያሉ። እኔ ነቅንቄው ከሆነም ደግመው ይነቀንቁታል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ዴሪክ ነው። እዚያው ስቶክዌል ተወልዶ ያደገ፣ ጋራዡን ከአባቱ የወረሰ። ጋሽ ሐጎስ ከአባትየው ጋር ስለሠሩ ዴሪክን ገና ብስክሌት ሲነዳ ጀምሮ ያውቁታል። ፈጣን ነው፤ ደንበኛም የሚወደው ለፍጥነቱ ነው። ይገምታል፣ ዕቃ ያዛል፣ ይቀይራል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ሁለቱ በቀን አንዴ ሳይጨቃጨቁ አይውሉም፤ ምሳ ግን አብረው ነው የሚበሉት።

ቦታው ጠባብ ነው። ወለሉ ወደ መንገዱ ያዘነብላል፤ ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ ከባድ የብረት ጠረጴዛ አለ። መኪና የሚገባው አፍንጫውን ወደ ጠረጴዛው አድርጎ ነው። ከላይ ባቡር ሲያልፍ ጡቡ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬያችንን አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

አዜብ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ከቤት መውጣት የማይችሉ በሽተኞችን በየቤታቸው እየዞረች ቁስል የምታጥብ፣ መርፌ የምትወጋ። ትንሿ መኪናዋ ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብላ ዝም ማለት ጀመረች። ዴሪክ ሰማና፣ «ሞተሪኖው ሄዷል» አለ። በዚያው ቀን አዲስ አምጥቶ ራሱ ገጠመላት። ጠዋት አዜብ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ልትወስድ መጣች። ዴሪክ ፈገግ ብሎ ቁልፉን አዞረ።

ቀጭ።

ደግሞ አዞረ። ቀጭ። ጆሮው ቀላ።

«አዲሱም ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለና ስልኩን ይዞ ወጣ። ከዕቃ ሻጩ ጋር ሲጯጯህ ከውጭ ይሰማናል።

አዜብ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቢሮዋ ደውላ በሽተኞቿን ለሌላ ሰው ማካፈል ጀመረች፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንድ ሽማግሌ አሉኝ፣ ለሌላ ሰው በር አይከፍቱም» አለችኝ። «ኢንሱሊናቸውን የምወጋቸው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?»

ጋሽ ሐጎስ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ብርነሽ፣ ግቢ። ትልቁን መብራት አብሪ። አሁን አዙሪ።»

ማርሹን ነቅንቀው፣ ፊት ለፊቱን አይተው ነው ያዘዙኝ። አዞርኩ። ቀጭ።

«መብራቱን አየሽው? አልፈዘዘም። ባትሪ ቢደክም ወይ ሞተሪኖው ቢያዝ ኖሮ ይፈዝ ነበር። ኤሌክትሪኩ ጨርሶ እየሄደ አይደለም። መንገድ ተዘግቶበታል።» የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን አመጡ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ያዙ። «እስቲ ድገሚ።» ቁጥሩን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ። «ይኼ ዜሮ አጠገብ መሆን ነበረበት። ተመልከቺ የት እንደደረሰ። ከሞተሩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ገመድ፣ ማሳው፣ የሆነ ቦታ ተበልቷል። ሞተሪኖ ብትቀይሪ፣ አሥር ብትቀይሪ ያው ነው።»

ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። የቀረው ማረጋገጥ ብቻ ነበር፤ ወፍራም የማስነሻ ገመድ ከባትሪው ኔጋቲቭ በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ መቆንጠጥ። በዚያ ከተነሳ ጥፋቱ የማሳው ነው።

«ማርሽ አስገቢና ውረጂ፤ ገመዱን አምጪልኝ» አሉ። የመኪናዋ የእጅ ፍሬን ላልቷል፤ ወለሉ ደግሞ ያዘነብላል፤ ያለ ማርሽ ትተናት ብንወርድ ወደ መንገዱ ትንሸራተታለች። አንደኛ አስገባሁ፣ ወረድኩ፣ ገመዱን አመጣሁ። እሳቸው ከመኪናዋ ፊት፣ በአፍንጫዋና በብረቱ ጠረጴዛ መሃል ቆመው አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ቆነጠጡት።

«በይ አሁን ግቢና ከማርሽ አውጪያት። እኔም ወጥቼ አያለሁ።»

ወደ ሹፌሩ በር ዞርኩ። ባቡር ከላይ መጣ። በዚያ ድምፅ መሃል ዴሪክ ረጅም ካቻቢቴ ይዞ ገባ፤ ከስልኩ ንዴት ገና አልወጣም። ገመዱ መቆንጠጡን አየ። ሞተሪኖውን በቀጥታ መምታት ማለት፣ ሁለቱን ብረቶቹን በካቻቢቴ አገናኝቶ ያለ ቁልፍ ማዞር ነው፤ ብዙ መካኒክ ሲቸኩል ያደርገዋል። ቁልፍ አይጠይቅም፣ ፍሪሲዮን አይጠይቅም፣ ማርሽ ውስጥ ይሁን አይሁን አያውቅም።

ጋሽ ሐጎስ አዩት። እጃቸውን አንስተው «ዌይት!»፣ ቆይ፣ ሲሉት ሰማኋቸው። ዴሪክ ግን ከጎን አጎንብሶ ካቻቢቴውን ሰዷል።

ጠዋቱን ሙሉ እምቢ ያለው ሞተሪኖ፣ ያጣውን መንገድ ጋሽ ሐጎስ በእጃቸው ስለሰጡት፣ በሙሉ ጉልበቱ ዞረ። መኪናዋ ዘለለች። ግራ እግራቸውን ከጠረጴዛው ጋር ያዘችው።

ዴሪክ ደንግጦ እጁን ለቀቀ፤ ካቻቢቴው ግን ብረቱ ላይ በእሳቱ ተጣብቆ ቀረ። ሞተሪኖው አላቆመም። እያጓራ መኪናዋን ወደ ጠረጴዛው ይገፋል፤ ጋሽ ሐጎስ ኮፈኑ ስር ተደፍተው አፋቸው ተከፍቷል፣ ባቡሩ እንዳለ ነው፣ ድምፃቸው አይሰማም። ዴሪክ ካቻቢቴውን በጨርቅ ይዞ ይታገላል። አዜብ ከወንበሯ ተነስታለች።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ማሳውን መልሼ መንጠቅ እንዳለብኝ ብቻ ነው የታየኝ። በዴሪክ ጀርባ ተንጠራርቼ ሞተሩ ላይ የተቆነጠጠውን ነቀልኩት። ፍንጣሪው መዳፌን ጠበሰኝ። ሞተሪኖው ፀጥ አለ።

«ገና አልለቀቀቻቸውም!» አለች አዜብ። ተንበርክካ እግራቸው ስር ገብታለች። በአማርኛ ነበር የምትጮኸው። «መኪናዋን መልሻት! ቀስ ብለሽ! ዝም ብለሽ እንዳትለቂያት!»

ገባሁ። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ ከማርሽ አወጣሁ። ወለሉ ስለሚያዘነብል ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ ስለቀው መኪናዋ ራሷ ወደ ኋላ መጣች። አዜብ፣ «ትንሽ... ትንሽ... በቃ!» አለችና ጋሽ ሐጎስን በብብታቸው ይዛ አስቀመጠቻቸው። ሱሪያቸውን በመቀስ ስትቀድ ፊቴን አዞርኩ። ዴሪክን ለአምቡላንስ እንዲደውል አዘዘችው፤ እኔን ደግሞ ጭንቅላታቸውን እንድይዝ።

ጋሽ ሐጎስ ዓይናቸውን ገልጠው ያሉኝ አንድ ነገር ነው። «ማርሽ ውስጥ ነበረች አይደል?»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«እኔ ነኝ አስገቢ ያልኩሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ዴሪክ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሲጋራ ለኩሶ አላጨሰውም። የሥራ ደህንነት መርማሪ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ገመዱን ያሰረው እሱ ነው» አለኝ። «እኔ ስገባ ሁሉ ነገር ዝግጁ ነበር። ለመምታት ካልሆነ ለምን ያስረዋል? አንቺም አይተሻል።»

ሲጋራውን መሬት ላይ ደፍጥጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ብርነሽ፣ ይሄ ጋራዥ ከተዘጋ ለሴት ልጅ መፍቻ የሚሰጥ ሌላ ጋራዥ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። እሱም እንደማላውቅ ያውቃል። ያን ቀን በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስሄድ የጠላሁት እሱን ይሁን ራሴን አልለየሁም። በዓይን ለሚያይ ሰው ነገሩ ዴሪክ እንዳለው ነው የሚመስለው፤ ሞተሪኖ ሊመታ የሚዘጋጅ መካኒክ ገመዱን እንደዚያው ነው የሚያስረው። ገመዱ ለመፈተኛ እንደነበር፣ ከማርሽ አውጪ መባሌን፣ «ዌይት» ማለታቸውን ከሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አዜብ በሩ ጋ ሆና አልሰማችም።

ሆስፒታል ሄድኩ። እግራቸው በብረት ተወጥሮ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። አጥንቱ ከጉልበቱ ጀምሮ ደቅቆ ነበር። ዴሪክ የነገረኝን ነገርኳቸው፤ የፈራሁትንም አልደበቅኩም።

«ያየሽውን ተናገሪ» አሉኝ። «ለኔ ብለሽ ምንም እንዳትጨምሪ።»

«እሺ።»

«ባቡሩንም ንገሪያቸው።»

«የምን ባቡር?»

«ስጮህ ባቡር እያለፈ ነበር። ልጁ አልሰማኝም ይሆናል። ያንን ካልነገርሽ ሙሉ አይሆንም።»

«ይሄን ሁሉ አድርጎዎት፣ እርስዎ ደግሞ...»

«ብርነሽ» አሉ፤ ደክሟቸው ነበር። «እንደዚያ አድርገሽ ንገሪያቸው።»

መርማሪዋ ለብቻዬ አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ትሑት ሴት ናት፤ አትቸኩልም። ከመጀመሪያው «ቀጭ» ጀምሬ ነገርኳት። ቴስተሩ ምን እንዳሳየ፣ ማርሹ ለምን ገብቶ እንደነበር፣ ገመዱ ለምን እንደታሰረ፣ ምን እንዳሉኝ፣ ለዴሪክ ምን እንዳሉት። ባቡሩንም ነገርኳት። ስወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ዴሪክ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ይጮኽብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንድ ነገር ንገሪኝ» አለ። «ዌይት ብሎኛል?»

«ብለውሃል።»

«አልሰማሁትም።»

«አውቃለሁ። ባቡር ነበር። እሱንም ነግሬያታለሁ። ንገሪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ ሲቀያየር አየሁት። አባቱ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሽ ሐጎስ እንደነበሩ በኋላ ነው የሰማሁት። ትንሽ ቆይቶ፣ «ብሰማውም ላቆም እንደምችል አላውቅም» አለኝና ወደ መርማሪዋ ገባ። ቀድሞ የሰጣትን ቃል ሻረ። ማርሹን አላየሁም፣ አልጠየቅኩም፣ የመታሁት እኔ ነኝ አለ።

ጋራዡ ጥቂት ወራት ተዘጋ። ዴሪክ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ። ጋሽ ሐጎስ ተደጋጋሚ ኦፕሬሽን ተደረገላቸው፤ እግራቸው ቢድንም ጉልበቱ መታጠፍ አቆመ። ከዚያ በኋላ ከመኪና ስር ገብተው አያውቁም። ብዙ ዘመን የሠራ እጅ፣ ጥፋቱን አግኝቶ ሊያስተካክል ጥቂት ሲቀረው ነው የቆመው። ይኼን እስከ ዛሬ መዋጥ አልቻልኩም።

የአዜብ መኪና በምርመራው ምክንያት እዚያው ተቆልፎባት ከርሟል። መርማሪዋ ስትለቃት ዴሪክ ጎትቶ ሊያስወጣት ፈለገ፤ መኪናዋን ማየት አልቻለም። ጋሽ ሐጎስ ደወሉልኝ። «እንዳትነኳት፤ እመጣለሁ» አሉ።

በክራንች መጡ። ወንበር አስቀመጥንላቸው፤ ከመኪናዋ ጎን ተቀመጡ። እሳቸው እያዘዙኝ ባትሪውን አወጣሁ፣ ከስሩ ያለውን ሳህን አነሳሁ። ማሳው ከቦዲው ጋር የታሰረበት ቡሎን ታየ። አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ውጦታል። በመፍቻ ስነካው ገመዱ በእጄ ላይ ተቆርጦ መጣ። አዲስ ገመድ ቆርጬ፣ ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ አሰርኩት። ዴሪክ ቁልፉን እንዲያዞር ጠየቁት፤ እምቢ አለ። እኔ አዞርኩ። በመጀመሪያው ተነሳች።

ማንም ደስ አላለውም።

ጋሽ ሐጎስ፣ «አሮጌውን ሞተሪኖ የት ጣልከው?» አሉት።

ከብረት ቅራቅንቦው በርሜል ውስጥ ፈልጎ አወጣው። ጠረጴዛው ላይ በመያዣ እንዲያስረውና ባትሪ እንዲሰጠው ነገሩት። ሽቦውን አስነካ። ሞተሪኖው ብድግ ብሎ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ተሽከረከረ። ምንም አልነበረበትም። ሲጀመርም መውጣት አልነበረበትም።

ዴሪክ ሽቦውን አንስቶ ቆመ። «ደህና ነበር» አለ። ደግሞ፣ «ሐጎስ፣ ደህና ነበር እኮ» አለና ድምፁ ተሰበረ። ጋሽ ሐጎስ አላጽናኑትም፣ አልገሠጹትምም። ክራንቻቸውን አስደግፈው፣ ወንበር ስቦ አጠገባቸው እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ፣ ባቡር እስኪያልፍ ተቀመጡ።

አዜብ ከሥራ ስትወጣ መጣች። መኪናዋን ከሩቅ አይታ ቆመች። «ልሸጣት አስቤ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንዴት ብዬ እነዳታለሁ?»

ጋሽ ሐጎስ ሰሟት። «ወዴት ነሽ?»

«ወደ ቤቴ፣ አባባ።»

«እንግዲያው በመንገድሽ እኔን ጣይኝ። አውቶቡሱ ላይ እግሬን የማደርግበት አጣሁ።»

አዜብ በሩን ከፈተች። የፊቱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበችው። ዴሪክ ክራንቻቸውን ተቀበለ፣ ትከሻውን ሰጣቸው፣ የማይታጠፈውን እግር በሁለት እጁ ይዞ እንደ ዕንቁላል አስገባው። በሩን ሲዘጋ አላጋጨውም። አዜብ አማተበችና ቁልፉን አዞረች።

መንገዱ ጫፍ ላይ ፍሬቻ አሳይታ ወደ ዋናው መንገድ ስትገባ እጄን አነሳሁ። ጋሽ ሐጎስ አላዩኝም። አንገታቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው ሞተሩን ያዳምጡ ነበር።